በጋል ኮቭ በር አይንኳኳም

በእኛ መንደር በር የሚያንኳኩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መንገድ የጠፋው እንግዳና የሞት ወሬ ይዘው የሚመጡት ቄስ። የቀረው ሰው ሁሉ እጀታውን ጠምዘዝ አድርጎ ይገባል፣ ምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ላይ ዘፍ ይላል፣ «ሻይ አለ?» ይላል። እየተጨቃጨቃችሁ ይሁን ፀጉራችሁን እየታጠባችሁ ግድ የለውም። ጋል ኮቭ እንዲህ ነው፤ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ሁሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ኳ፣ ኳ… ኳ ሲል በእጄ የነበረው ሳህን ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

ከዚያ በፊት በራችን የተንኳኳው አንድ ጊዜ ነው። ወንድማችን ሲረል የተሳፈረባትን የጭነት መርከብ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መትቶ አሰመጣት የተባልን ቀን።

አባባ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለ።

ማንም አልሞተም። ታናሽ እህቴ ሎሬታ በሩን ስትከፍተው ሰማያዊ የአየር ኃይል ልብስ የለበሰ ዘለግ ያለ ወጣት ቆብ በብብቱ፣ የቸኮሌት ሣጥን በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ይቅርታ፣ ረበሽኳችሁ?» አለ።

«ኧረ ምንም!» አልኩት፣ ስብርባሪውን እየለቀምኩ። «የገደልከው አንድ ሳህን ብቻ ነው። ግባ።»

ዱንካን ሌስሊ ማለት ይህ ነው። ካናዳዊ ነው፤ በቶርቤይ አየር ጣቢያ ሊብሬተር በሚሉት ትልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ካርታ ይዞ መንገድ የሚመራው እሱ ነበር። አባቱ ሞንትሪያል ውስጥ የታወቁ ዳኛ ናቸው። እሱ ባደገበት ቤት ልጅ የእናቱን ክፍል እንኳ ሳያንኳኳ አይገባም አሉ። እኛ ደግሞ የአምብሮዝ ኮዲ ልጆች ነን፤ ኮድ የሚባለውን ዓሣ እንሰነጥቃለን፣ ጨው እናለብሳለን፣ ቆጥ ላይ አስጥተን እናደርቃለን። ሎሬታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዳንስ ላይ ስታገኘው እጇ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት በኮምጣጤ ታጥባ ሄዳ ነበር። «ምን ሸተተኝ? ሰላጣ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሳቋን ማቆም አልቻልንም።

የበራችንን ነገር ሳህኑ በተሰበረ ዕለት ማታውኑ ነገረችው። «እዚህ አይንኳኳም። ዝም ብለህ ግባ» አለችው። «እሺ» አለ። በሳምንቱ ግን መጥቶ ኳ፣ ኳ… ኳ። በሚቀጥለውም ሳምንት ኳ፣ ኳ… ኳ። ሁለቱን ቶሎ፣ አንዱን ዘግየት አድርጎ። ክረምቱን ሙሉ በረዶ እስከ ጉልበቱ እየዋጠው ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ «ግባ!» እስኪሉት ድረስ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃል።

ፍቅራቸውን እንኳ እኔ ዓይኔ እያየ አልክድም። ገበታ ላይ ሻይ ስታቀብለው ሁለቱም ኩባያውን ይዘው ይቀራሉ፤ ማን እንደሚለቅ ይጠፋቸዋል። «ኧረ ሻዩ ቀዘቀዘ!» እላለሁ እኔ፤ የሚሰማኝ የለም። ዱንካንና ጓደኞቹ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እስከ ውቅያኖሱ እምብርት ይበራሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የእህልና የመሣሪያ ጭነት ወደ እንግሊዝ የሚያደርሱትን መርከቦች ከላይ እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ሎሬታ የሞተሩን ድምፅ ከሌላው ለይታ ታውቀዋለች። ዓሣውን እየገለበጠች ድንገት ቀና ትልና፣ «መጡ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ደህና የምትተነፍሰው።

መምጣት ያልቻለ ቀን ደብዳቤ ይልካል። አንዱን እኔም ሰርቄ አንብቤዋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።

«ሎሬታ፣ ዛሬም ያየነው ውሃ ብቻ ነው። ፒኬት ከአውሮፕላኑ ጭራ መትረየሱ ላይ ሆኖ ‹አንድ ዓሣ ጠቀሰኝ› ይላል። ከብርዱ የተነሳ ሳንድዊቹ ለጥርስ አልበገር አለ። ከሰዓት በኋላ መርከቦቹን አገኘናቸው። ከላያቸው ስንዞር መርከበኞቹ ቆባቸውን አውልቀው ያውለበልቡልናል፤ ድምፃቸው አይሰማንም፣ የሚጮኹት ምን እንደሆነ ግን እናውቃለን። ወደ ቤት ስንዞር አቅጣጫውን ለአብራሪው የምሰጠው እኔ ነኝ። የእናንተን በር እያሰብኩ ነው የምሰጠው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ፒኬት ግን ነቅቶብኛል።»

እንዲህ የሚጽፍ ሰው ታዲያ ለምን ያንኳኳል? መንደሩ የሚያወራው ሌላ ወሬ ጠፋ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ፣ «ብራይድ፣ የዳኛው ልጅ ዛሬም አንኳኳ?» ይሉኛል። «እጀታችሁን ለመንካት ተጸይፎ ነው እኮ!» ትላለች አንዷ። ሳቁ እስከ ቤት ይከተለኛል። ሎሬታም ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር።

ግንቦት ገባ፣ የባሕሩ ጉምም አብሮት መጣ። አንድ እሁድ ዱንካን መጥቶ እንደ ልማዱ አንኳኳ። ሎሬታ «ግባ» አላለችም። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። እኔ ያለሁበት መስኮት ክፍት ነበር፤ ልዘጋው ይገባ ነበር፣ አልዘጋሁትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ይህ ቤት ለአንተ ምንህ ነው?»

«በዓለም ላይ እንደዚህ የምወደው ቤት የለም።»

«ታዲያ ለምን ታንኳኳለህ?»

ቆቡን በእጁ አገላበጠ።

«የጎረቤት ውሻ እንኳ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ዱንካን! ገና ካሁኑ እንግዳ ከሆንክ ነገ ምን ልትሆን ነው? ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። አንተ ግን በየሳምንቱ ደጃፌ ላይ ቆመህ ‹እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም› ትለኛለህ።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«እና ምን ማለትህ ነው?»

«አንድ ቀን ሳላንኳኳ እገባለሁ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «መቼ እንደሆነ የምወስነው ግን እኔ አይደለሁም።»

ምን በወጣው ይህን ተናገረ! ሎሬታ ፊቷ ተለዋወጠ። ከሞንትሪያል ከእናቱ የሚመጣለትን ወፍራም ነጭ ፖስታ በዓይኗ አይታዋለች፤ አሁን ሁሉም ነገር የገባት መሰላት።

«አዎና!» አለች። «የሚወስኑት የተከበሩት ዳኛ ናቸው! ገብቶኛል። ሂድ፣ ፈቃድ ስታገኝ ትመጣለህ። እኔ ግን ፈቃድ የሚጠየቅብኝ ሴት አይደለሁም።»

«ሎሬታ…»

«ደህና ሁን፣ እንግዳዬ።»

ያችን የመጨረሻዋን ቃል ስትወረውርበት እኔንም ጎኔን ወጋችኝ። እሱ ቆቡን አደረገ። አባባ ባሕሩ ዳር መረብ እየጠገነ ነበርና፣ ዱንካን ወደዚያ አየት አደረገ፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ኮረብታውን ወጣ። ሎሬታ ገብታ መደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ጀርባዋን ከመደባበስ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

በማግስቱ ሰኞ ጎህ ሲቀድ የሊብሬተሩ ድምፅ በላያችን አለፈ። ሎሬታ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ «መልካም መንገድ» አላለችም። ማታ ላይ ዓሣው ከተነሳ በኋላም ቆጡ ላይ ቆማ ቀረች። «ግቢ፣ ብርድ ነው» ብላት፣ «አሁን ይመጣል» አለችኝ። ጉሙ ወርዶ ባሕሩን ሸፈነው። ድምፅ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ እየጋገርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ሎሬታ ከወንበሯ የተነሳችበትን ፍጥነት እስክሞት አልረሳውም። «እሱ ነው!» አለች። ፊቷ በራ፣ እጇን በሽርጧ ጠራረገች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች። «ዛሬ መቶ ጊዜ ያንኳኳ፣ ግድ የለኝም!» ብላ እየሳቀች ከፈተችው።

ቄሱ አባ ኬሲ ነበሩ።

ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ። ሎሬታ እጀታውን እንደያዘች ቀረች፤ እኔ ጎትቼ አስቀመጥኳት።

አባ የአየር ጣቢያው የነገራቸውን ነገሩን። አውሮፕላኑ መርከቦቹ ዘንድ ደርሷል። አንድ ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ላይ ብቅ ብሎ አድፍጦ አገኙትና ወረዱበት። ተታኩሰው የነዳጅ ታንካቸው ተበሳ። እያነከሱ እስከ እኛ ባሕር ድረስ መጥተዋል፤ ትላንት ወደ ማታ ከዚህ በስተምሥራቅ «ነዳጅ አለቀ፣ ውሃ ላይ ልናርፍ ነው» ብለው በሬዲዮ ተናገሩ፤ ከዚያ ዝም። «እንፈልግ ቢሉም ጉሙ አውሮፕላን አያስነሳም» አሉ አባ። «ከላይ ቢሄዱስ ምን ሊታያቸው?»

አባባ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«እንዲያንኳኳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?» አለች ሎሬታ።

«ገና መጀመሪያ የመጣ ጊዜ፣ ከዚህ ሲመለስ። መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ‹ሳያንኳኳ የሚገባ ልጅ ነበረኝ፣ ባሕር በላው› አልኩት። ‹አንተም በሰማይ ብትሄድ ባሕር ላይ ነህ። ልጄን ውደዳት፣ አልከለክልህም። ቤቴ ስትመጣ ግን አንኳክተህ ግባ። እንግዳ ቢቀር አይለቀስለትም› አልኩት። ለማንም እንዳይናገር ቃል አስገባሁት።» አባባ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «የማይረባ ሽማግሌ ነኝ። ሲቀር ያው ልጄ ሆኖ ቀረ።»

ሎሬታ ትጮህበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ሄዳ የዝናብ ካፖርቱን ከምስማሩ አወረደችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ሄደህ አምጣው» አለችው።

አባባ ለበሰው። ደጃፉ ላይ ቆሞ በሕይወቴ ሙሉ ያልሰማሁትን ጩኸት ጮኸ፣ «ጀልባ ያለህ ሁሉ ውጣ!» የጋል ኮቭ ወንዶች ያን ቀን ለምን፣ የት፣ ስንት ይከፈላል የሚል ጥያቄ አላነሱም። ትላንት ስትስቅብን የነበረችው ሴት ባሏን ከአልጋ እየጎተተች፣ «ተነስ አንተ! የኛ ልጅ ባሕር ላይ ነው!» ስትል ሰማኋት። «የኛ ልጅ» አለች፤ እሰይ አልኩ በሆዴ።

ጀልባው ላይ የሆነውን እኔ አላየሁም። ግን አጎቴ ሊዮ፣ የአባባ ወንድም፣ ከዚያ ወዲህ ለቁጥር የሚታክት ጊዜ ስለነገረን ከሱ እኩል አውቀዋለሁ። ጉሙ እንኳን ባሕሩን፣ የራስህን እጅ አያሳይም ነበር። በእንዲህ ያለ ጉም ዓሣ አጥማጅ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት ይሄዳል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጆሮውን ያቆማል። ይሄዳሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይሰማሉ። ውሃ ብቻ። ወፍ ብቻ። ጠዋቱ አለቀ። ከሰዓት ሆነ። ሌሎቹ ጀልባዎች በጥሩንባ ሲጠራሩ ከሩቅ ይሰማል። አጎቴ ሊዮ፣ «አምብሮዝ፣ ነዳጁ እኮ…» ሲል አባባ እጁን አነሳ።

«ዝም በል።»

«ምን ሰማህ?»

«ይንኳኳል» አለ አባባ።

«በቃ፣ ወንድሜ አበደ አልኩ» ይላል አጎቴ ሊዮ። ትንሽ ቆይቶ ግን እሱም ሰማው። ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጠን ብሎ፣ እንደ ቆርቆሮ ያለ ድምፅ። ኳ፣ ኳ… ኳ። ሁለቱን ቶሎ፣ አንዱን ዘግየት አድርጎ።

አባባ ጀልባው ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ያ ሚስቱን ሲቀብር ድምፁን ያላሰማ ሰው፣ ያ የሲረልን ወሬ ሲሰማ ፒፓውን ለኩሶ ዝም ያለ ሰው፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጉሙ ጮኸ።

«ግባ! ግባ፣ ልጄ! በሩ ክፍት ነው! ግባ!»

ማንኳኳቱ ቆመ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲጮህ፣ ሲያለቅስ፣ ሲስቅ ተሰማ። ሁለት የጎማ ጀልባዎች በገመድ ተሳስረው ብቅ አሉ። የአውሮፕላኑ ስምንት ሰዎች ሁሉ ነበሩባቸው። ቀልደኛው ፒኬት እግሩ ተሰብሮ በጓደኞቹ ጉልበት ላይ ተኝቷል፤ ግን አፉ ደህና ነበር። «ለዚህ ሰውዬ ንገሩልኝ!» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ እያንኳኳ እንቅልፍ ነሳን! ‹ሰው የለም፣ ተኙ› ብንለው ‹አለ› ይለናል!»

ዱንካን ባዶ የውሃ ጣሳና የቢላ እጀታ እንደያዘ ጣቶቹ ደርቀው ነበር። አባባ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ጀልባው ውስጥ ሲረል ከሄደ ጀምሮ ማንም ያልነካው የሲረል ሹራብ ነበር፤ እሱን አለበሰው።

«ሚስተር ኮዲ» አለ ዱንካን፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ። «መርከቦቹ አለፉ።»

«ምን ያህሉ?»

«ሁሉም። አንዱም አልተነካም።»

አባባ ቆቡን አወለቀ። አጎቴ ሊዮ እንደሚለው ለረጅም ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ሲረል ወደ ቀረበት ወገን አየ። ከዚያ መሪውን ያዘና፣ «ወደ ቤት» አለ። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ሲደርሱ፣ የአየር ጣቢያው መኪና በር ከፍቶ ሲጠብቅ፣ አባባ ዱንካንን ገለል አድርጎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገረው። ምን እንዳለው አጎቴ ሊዮ አልሰማም።

እኛ ቤት ውስጥ ነበርን። ከታች ጩኸት ይሰማል፤ የደስታ ይሁን የሐዘን አይለይም። «እንውረድ» ብላት ሎሬታ አልነሳ አለች። «ወርጄ ሌሎቹን አይቼ እሱን ካጣሁት በእግሬ አልመለስም» አለችኝ። «እዚሁ ልስማው። ብራይድ፣ በሩ ከተንኳኳ አንቺ ክፈቺ። እኔ አልችልም።»

«እሱም ሊሆን ይችላል እኮ የሚያንኳኳው።»

«አባ ኬሲም ሊሆኑ ይችላሉ» አለች።

የእግር ኮቴ ተሰማ። ቀስ እያለ፣ እየተጎተተ ደረጃውን ወጣ። ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሎሬታ እጄን ጨመቀችው። እናውቀዋለን፤ አሁን ይንኳኳል፣ አሁን።

አልተንኳኳም። እጀታው ጠምዘዝ አለ።

ዱንካን ገባ። የሲረል ሹራብ እጅጌው አጥሮት፣ ፀጉሩ በጨው ደርቆ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ ዘፍ አለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ሻ… ሻይ አለ?» አለ።

ሎሬታ የት እንደረገጠች እንጃ። ወለሉን አልነካችም። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሰድበዋለች። «አንተ ደደብ! አንተ ግንብ ራስ! ለምን አልነገርከኝም? ለምን ዝም አልክ?»

«ቃል ገብቼ ነበር» አለ ፀጉሯ ውስጥ ሆኖ። «እንግዳ ነኝ እንዴ አሁንም?»

«ከዚህ ቤት ብትወጣ እግርህን ነው የምሰብረው!»

«ፒኬት ‹የተሰበረ እግሬን ኮረጀብኝ› ብሎ ይከፋዋል።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ያ የሻዩ ነገር ዳግመኛ መጣ፤ ማን ማንን እንደሚለቅ ጠፋቸው። እኔም ወደ ምድጃው ዞሬ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ፤ እንባዬ ትኩሱ ብረት ላይ ጠብ ሲል ቸስ አለ።

በዚህ መሃል በሩ ኳ፣ ኳ… ኳ አለ።

ሦስታችንም ቀና አልን። መቼም ልማድ ነውና አፌ ቀደመኝ፤ «ደግሞ ማን ሞተ?» አልኩ።

ከውጭ የአባባ ድምፅ መጣ። ሰባ ዓመት ሙሉ የገዛ በሩን አንድም ቀን ያላንኳኳው አባባ።

«ማንም አልሞተም!» አለ፣ ድምፁ በደስታ እየተሰባበረ። «ማንም አልሞተም! ልጆቼ እንዳይረበሹ ብዬ ነው። መግባት ይቻላል?»